ጠጥቶ የሚነዳን ሰው ምን ያስቆመዋል? ከባድ ቅጣት፣ ፍተሻ ወይስ መንጃ ፈቃድ መንጠቅ

ዓምና ጎረቤታችንን ቀበርን። ጠዋት ጠዋት መንገድ ዳር ሻይና ዳቦ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ሊነጋጋ ሲል፣ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የከሰል ምድጃዋን ይዛ አስፋልት ስትሻገር መኪና ገጫት። ሹፌሩ ሲጠጣ አድሮ ወደ ቤቱ እየሄደ ነበር።

ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ የተወራው አንድ ነገር ነው። "ቅጣቱ ቀላል ስለሆነ ነው እኮ!" አንዱ ሃያ ዓመት አለ። ሌላው ዕድሜ ልክ። "አንድ ሁለቱን አደባባይ አውጥተው ቢቀጡልን ሌላው አርፎ ይቀመጥ ነበር" ያሉ ትልቅ ሰውም ነበሩ። እኔም ልክ ናቸው ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። በዚያ ሐዘን ላይ ሌላ ነገር አይታሰብም።

ከአርባዋ በኋላ የእድራችን ሰዎች ለክፍለ ከተማው ደብዳቤ እንጻፍ አሉ። ምን ብለን እንደምንጠይቅ የማጣራቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። ሌላው አገር ምን ሞከረ፣ የቱ ሠራ፣ የቱ ከሸፈ የሚለውን ሳነብ ከረምሁ። እናንተም በእድር፣ በታክሲ ማኅበር፣ በመሥሪያ ቤት ወይም በምትኖሩበት አገር ምክር ቤት ፊት "ይህ ይደረግልን" ለማለት ካሰባችሁ ይጠቅማችኋል። ዓ.ም. ካላልሁ በስተቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በእጃችን ያለው ሕግ ምን ይላል?

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል። መነሻው ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ነው። እንደ ሐኪም ወይም እንደ ሹፌር የሰው ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ከሆነ እስከ አምስት ዓመት ይሄዳል። አጥፊው በመጠጥ ወይም በአደንዛዥ ዕፅ ራሱን የማያውቅበት ሁኔታ ውስጥ ከትቶ ከሆነ ግን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል።

15 ዓመት ቀላል አይደለም። ድንኳኑ ውስጥ ግን ይህን ቁጥር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እኔም አላውቅም ነበር። ያ ሹፌር ከመጠጥ ቤቱ ሲወጣ አንቀጽ 543 ትዝ ብሎት ነበር ብዬ አላምንም። 15ቱ 25 ቢሆን ማን ሄዶ ይነግረዋል?

ቅጣት ማክበድ

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ስለሆነ በዚሁ ልጀምር።

በ1970 መጨረሻ፣ በገና ሰሞን፣ የቺካጎ ዳኞች ጠጥቶ የነዳ ሰው ሁሉ ሰባት ቀን ይታሰራል ብለው አሳወቁ። ወሬው በጋዜጣም በቴሌቪዥንም ተነዛ። ባለሥልጣናቱ አደጋ ቀነሰ ብለው ተደሰቱ። በኋላ ተመራማሪዎች ቁጥሩን ካለፉት ዓመታትና ከሌላ ከተማ ጋር ሲያስተያዩት፣ ከዚያ እርምጃ የመጣ ነው የሚባል ለውጥ አላገኙም።

ከዚህ ይበልጥ የገረመኝ የስካንዲኔቪያ ነገር ነው። ኖርዌይና ስዊድን ጠጥቶ የነዳን ሰው ያለ ምሕረት እስር ቤት በማስገባት በዓለም የታወቁ አገሮች ነበሩ። ኖርዌይ በ1988፣ ስዊድን በ1990 ይህን የግድ እስራት አነሱት። ዳኛው በእስር ፋንታ የገንዘብ ቅጣትና ሌሎች አማራጮችን መጠቀም ቻለ። የመንገድ ሞት ግን አልጨመረም። እንዲያውም መቀነሱን ቀጠለ።

ታዲያ ቅጣት ዋጋ የለውም ማለት ነው? አይደለም። እንዲህ የሚል ሰው ካለ የሚከተለውን ይመልከት።

አሜሪካ ውስጥ በዋሽንግተን ግዛት፣ ሲያትል ባለችበት ማለቴ ነው፣ አንድ የኢኮኖሚክስ ተመራማሪ ከ1995 እስከ 2011 የተደረጉ ከ500 ሺህ በላይ የትንፋሽ ምርመራዎችን መዝገብ ይዞ አጠና። በጥናቱ ጊዜ እዚያ ለሹፌር የተቀመጠው የመጠጥ ወሰን 0.08 ነበር፤ በመቶ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 0.08 ግራም አልኮል ማለት ነው። 0.079 ያስመዘገበና 0.081 ያስመዘገበ ሰው በመጠጥ አይለያዩም ማለት ይቻላል። በሕግ ፊት ግን አንዱ ጥፋተኛ ነው፣ ሌላው አይደለም። ከወሰኑ ለጥቂት ያለፉት፣ ማለትም የተቀጡት፣ በቀጣዮቹ ዓመታት ጠጥተው ሲነዱ እንደገና የመያዛቸው ዕድል እስከ 2 የመቶኛ ነጥብ ዝቅ አለ። ቅጣቱ የሚከብድበትን 0.15ን ለጥቂት ያለፉት ደግሞ ሌላ 1 የመቶኛ ነጥብ ያህል ቀነሱ።

ስለዚህ ቅጣት ይሠራል። የሚሠራው ግን አንዴ የቀመሰው ሰው ላይ ነው። ገና ያልተያዘው ሹፌር ዘንድ አይደርስም። የእኛን ጎረቤት የገጨው ሰው ከዚያ በፊት ተይዞ አያውቅም ነበር።

ሌላም ችግር አለ። ቅጣት ሲከብድ በየመንገዱ ይንጠባጠባል። ዳኛው "የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነው" ብሎ ያዝናል። ክርክሩ ይረዝማል፣ ምስክር ይጠፋል። መንገድ ላይ "እባክህ ለሻይ ትሆንሃለች" የሚባለው ገንዘብም አብሮ ያድጋል። አምስት መቶ ብር ሊቀጣ የነበረ ሰው ሃምሳ ቢያቀርብ፣ ሃምሳ ሺህ ሊቀጣ የነበረው ምን ያህል እንደሚያቀርብ አስቡት። የገጨ ሹፌርም ተጎጂውን ሆስፒታል ከመውሰድ ይልቅ ነዳጅ ሰጥቶ መሸሽን የሚመርጥበት ምክንያት ይበዛል።

አንድ ነገር ግን ለይቼ ልናገር። የጎረቤታችን ልጆች ለእናታቸው ፍትሕ ይገባቸዋል። 15 ዓመት የሚገባው ሰው 15 ዓመት ቢፈረድበት እኔ አልቃወምም። ለሞተው ሰው ፍትሕ መስጠት አንድ ጉዳይ ነው። የሚቀጥለውን ሞት ማስቀረት ሌላ ጉዳይ ነው። እኛ ደብዳቤ የምንጽፈው ለሁለተኛው ነበር።

ማታ ማታ መፈተሽ

አሜሪካ ውስጥ በ2018 ሰዎች ራሳቸው በሰጡት ቃል መሠረት ከመጠን በላይ ጠጥተው የነዱት 147 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ነው። በዚያ ዓመት ጠጥቶ በመንዳት የተያዘው ሰው 1 ሚሊዮን ገደማ ነበር። መቶ ሃምሳ ጊዜ ያህል ነድቶ አንዴ መያዝ ማለት ነው። ባለፉት ሃምሳ ጊዜያት በሰላም ቤቱ የገባ ሰው ዛሬም እገባለሁ ብሎ ቢያስብ ምን ይገርማል? የሚያሰላው የእስሩን ርዝመት አይደለም። "ዛሬ ማታ በዚህ መንገድ ፖሊስ ይኖር ይሆን?" ነው የሚለው።

ይህን ከሁሉ በላይ የሚያሳየው የእንግሊዝ ታሪክ ነው። በጥቅምት 1967 የትራንስፖርት ሚኒስትሯ ባርባራ ካስል የትንፋሽ መመርመሪያን በሕግ አስገቡ። ከወሰን በላይ የተገኘ ሰው መንጃ ፈቃዱን ለአንድ ዓመት ያጣል። አገሩ ሁሉ በየጥጉ ፖሊስ ቆሞ የሚጠብቀው መሰለው። የቅዳሜና እሑድ ሌሊት ጉዳት ወዲያው በሁለት ሦስተኛ ያህል ወረደ። ሰዎች መኪናቸውን ትተው በእግራቸው ወደ መጠጥ ቤት መሄድ ጀመሩ።

ከዚያስ? ወራት አለፉ። ሕዝቡ ቀስ በቀስ ገባው፤ ፖሊሱ ያን ያህል አይመረምርም። ቁጥሩ ተመልሶ ወጣ። ልብ በሉ፣ ቅጣቱ አልተነካም። ያው አንድ ዓመት ነው። የጠፋው "እያዛለሁ" የሚለው ፍርሃት ብቻ ነው።

አውስትራሊያ ከዚህ ተማረች። በኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ከታኅሣሥ 17 ቀን 1982 ጀምሮ ፖሊስ ማንኛውንም ሹፌር፣ ምንም ሳይጠረጥር፣ አስቁሞ ትንፋሹን መመርመር ተፈቀደለት። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ምርመራ ተደረገ። መንጃ ፈቃድ ካለው ሦስት ሰው አንዱን እንደ መመርመር ነው። የፖሊስ መኪናው በሚታይበት ዋና መንገድ ዳር ይቆማል፣ ያልጠጣውም ይነፋል፣ ምስጋና ተሰጥቶት ይሄዳል። ማታ ቤቱ ሲገባ "ዛሬ አስነፉኝ" ብሎ ያወራል። ገዳይ አደጋ ወዲያው ቀነሰ። ፍተሻው ስላልቆመ ውጤቱም እንደ እንግሊዙ ተኖ አልጠፋም።

ስለዚህ ጉዳይ ካነበብሁት ሁሉ ልቤን የነካው አንድ ነገር አለ። አውስትራሊያዊ ወንዶች ጓደኛ ሲጋብዛቸው እምቢ ማለት ይከብዳቸው ነበር። ፍተሻው ከመጣ በኋላ "አይ፣ ሊያስነፉኝ ይችላሉ" ብለው ብርጭቋቸውን ማስቀመጥ ቻሉ። ፈሪ ተብሎ ሳይሰደቡ።

ይህን ሳነብ የእኛ ጠረጴዛ ታየኝ። "በሞቴ!" "አፈር ስሆን!" "አንድ ድራፍት ምን ይሆናል?" ይህን አልፎ እምቢ ማለት እንዴት እንደሚከብድ ሁላችንም እናውቀዋለን። እምቢ ያለ ሰው ጠረጴዛውን የናቀ ይመስላል። ጤንነት ብትሉ አይሰማችሁም። ሃይማኖት ብትሉ "ዛሬ ጾም አይደለ!" ትባላላችሁ። "ማዞሪያው ላይ ትራፊክ ያስነፋል" ስትሉ ግን ክርክሩ ያበቃል። ማንም አይቀየምም። አሥራ አምስት ዓመት እስራት እንዲህ ያለ ማምለጫ አይሰጥም። ጠረጴዛ ላይ "አንቀጽ 543ን ፈርቼ ነው" የሚል ሰው የለም።

በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችን የሰበሰቡ ግምገማዎች እንዲህ ያለ የታወቀና ያልተቋረጠ ፍተሻ ከመጠጥ ጋር የተያያዘ አደጋን ከ9 እስከ 20 ከመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ይናገራሉ። ዋጋው የሰው ኃይል ነው። የሌሊት አበል ነው። አዲስ አበባ ከ2015 ጀምሮ በብሉምበርግ ፊላንትሮፒስ የመንገድ ደኅንነት ፕሮግራም ውስጥ ከገቡት ከተሞች አንዷ ስለሆነች የትንፋሽ ምርመራ ለከተማው እንግዳ ነገር አይደለም። መጠየቅ ያለብን ብዛቱን፣ ሰዓቱንና አለመቋረጡን ነው። በበዓል ሰሞን ብቻ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ፍተሻ እንግሊዝ የደረሰባትን ይደግማል።

መንጃ ፈቃድን እዚያው መንጠቅ

ይህን አማራጭ ከማንበቤ በፊት ከቁም ነገር አልቆጠርሁትም ነበር። አሁን ከፍተሻ ቀጥሎ ሁለተኛ አድርጌዋለሁ።

አሜሪካ ውስጥ ሚኒሶታ በ1976 ጀመረችው። ሹፌሩ ከወሰን በላይ ከተገኘ ወይም አልነፋም ካለ፣ የፍርድ ቤቱ ክስ እስኪያልቅ ሳይጠበቅ መንጃ ፈቃዱ በአስተዳደር ውሳኔ ይታገዳል። አቤቱታ ካለው ያቀርባል። በኋላ ብዙ ግዛቶች ተከተሏት።

በ2007 የወጣ ሰፊ ጥናት ሁለት ዓይነት እገዳን አነጻጸረ። አንደኛው እዚያው በተያዙበት ሰሞን የሚመጣው ነው። ሁለተኛው ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ካለ በኋላ፣ ከወራት ቆይታ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። የመጀመሪያው ጠጥቶ ገዳይ አደጋ ውስጥ መግባትን በ5 ከመቶ ያህል ቀነሰ። ሁለተኛው የሚታይ ለውጥ አላመጣም። ያው መንጃ ፈቃድ ነው የተወሰደው። ልዩነቱ ፍጥነቱ ነው።

ለእኛ አገር ይህ ትልቅ ነገር ይመስለኛል። ለሚኒባስ ሹፌርና ለአይሱዙ ሹፌር መንጃ ፈቃድ እንጀራው ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ሊመጣ ከሚችል እስር ይልቅ ነገ ጠዋት መኪና ማውጣት አለመቻሉ ያስደነግጠዋል። ባለ መኪናውም ወዲያው ይሰማል። ነገር ግን ሥልጣኑ መንገድ ላይ ለቆመ አንድ ሰው ብቻ ከተሰጠ ለመደራደሪያ ይሆናል። የመሣሪያው ውጤት የታተመ ወረቀት፣ ቁጥር ያለው ደረሰኝና በቀናት ውስጥ ውሳኔ የሚሰጥ አቤቱታ ሰሚ አብረው ካልተጠየቁ እኔ ይህን አማራጭ አልደግፍም።

ባጭሩ የማልፋቸው

የገንዘብ ቅጣት። ብቻውን ደካማ ነው። ሀብታሙን አያመውም፣ ደሃውን ልጆቹን ያስርበዋል።

ከመኪናው ሞተር ጋር የሚገጠም የትንፋሽ ቁልፍ። ሹፌሩ ካልነፋና ንጹሕ ካልሆነ መኪናው አይነሳም። ተገጥሞ እስካለ ድረስ እንደገና መያዝን ወደ 70 ከመቶ ያህል ይቀንሳል። ሲፈታ ግን ውጤቱም አብሮ ይሄዳል። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት ውስጥ ለምትኖሩ ይህ የራሳችሁ ጉዳይ ነው። ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ሞንትጎመሪ ካውንቲ (እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደር) ውስጥ ነው። በታኅሣሥ 2015 የዚያ ካውንቲ ፖሊስ ባልደረባ የሆነ ወጣት ጠጥተው የሚነዱትን ለመያዝ በተሰማራበት ሌሊት በጠጣ ሹፌር ተገጭቶ ሞተ። በስሙ የተጠራው የኖኅ ሕግ ከጥቅምት 2016 ጀምሮ ይህ መሣሪያ የሚገጠምባቸውን አጥፊዎች አሰፋ። ለእኛ ግን መሣሪያውን የሚገጥም፣ የሚቆጣጠርና በየወሩ የሚመረምር አካል መጀመሪያ ስለሚያስፈልግ ሩቅ ነው።

የየቀን ምርመራ። በአሜሪካ ደቡብ ዳኮታ ግዛት ውስጥ በ2005 የተጀመረ ነው። ደጋግሞ የተያዘ ሰው ጠዋትና ማታ ቀርቦ ይነፋል። ጠጥቶ ከተገኘ እዚያው ይታሰራል፣ ግን ለአንድ ወይም ለሁለት ሌሊት ብቻ። በየካውንቲው በተደረገ ጥናት በድጋሚ ጠጥቶ በመንዳት መያዝ በ12 ከመቶ፣ በቤት ውስጥ ጥቃት መያዝ ደግሞ በ9 ከመቶ ቀነሰ። ሁለተኛው ቁጥር ብቻውን ሊያስብበት የሚገባ ነው። የጠጣ ባል የሚመለስበት ቤት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል።

የመጠጥ ወሰኑን ዝቅ ማድረግ። ሌላዋ የአሜሪካ ግዛት ዩታ በ2018 ማለቂያ ከ0.08 ወደ 0.05 አወረደችው። በ2019 የገዳይ አደጋ መጠኗ ከ2016 ጋር ሲነጻጸር ወደ 20 ከመቶ ወረደ። በዚያው ጊዜ የቀረው አሜሪካ የቀነሰው ከ6 ከመቶ በታች ነበር። ወረቀት ላይ የሚጻፍ ቁጥር ስለሆነ ርካሽ ነው። የሚያስነፋ ፖሊስ ከሌለ ግን ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ጃፓን ለብቻዋ

"ከባድ ቅጣት ይሠራል" የሚል ሰው በጣም ጠንካራ ማስረጃው ጃፓን ናት። በ2002 ወሰኑን ወደ 0.03 አወረደች፣ ቅጣቱንም አከበደች። በነሐሴ 2006 ፉኩኦካ ከተማ ውስጥ አንድ የጠጣ ሹፌር የአንድ ቤተሰብ መኪና ከድልድይ ላይ ገፍቶ ባሕር ውስጥ ከተተው፤ ሦስት ሕፃናት ሞቱ። አገሩ በሙሉ አለቀሰ። በቀጣዩ ዓመት ሕጉ እንደገና ከበደ። ጠጥተው የሚነዱ ሰዎች ያደረሷቸው ገዳይ አደጋዎች በ2000 ከ1,200 በላይ ነበሩ። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ 200 ገደማ ሆኑ።

እኔ ግን ከእስራቱ ርዝመት ይልቅ ዓይኔ ያረፈው የ2007ቱ ሕግ ላይ ነው። ሕጉ የሚቀጣው ሹፌሩን ብቻ አይደለም። እንደሚነዳ እያወቀ ያጠጣውን፣ መኪናውን ያዋሰውን፣ መጠጣቱን እያወቀ አብሮት ተሳፍሮ የሄደውንም ይቀጣል። አስቡት፣ "በሞቴ" ያለው ሰውም ይጠየቃል ማለት ነው። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚጠየቅ ሰው ብዙ ነው፣ መጠጡን የሚያቀርበው አስተናጋጅም አለ። ሁሉም ለራሱ ሲል ከሹፌሩ እጅ ቁልፉን ይቀበላል። ቅጣቱ ከበደ ከማለት ይልቅ የሚከለክሉት ዓይኖች በዙ ማለት ይቀለኛል።

እናንተ የቱን ትምረጡ?

መልሱ እንደየሰዉ ይለያያል።

ከከተማ አስተዳደር ጋር የምትነጋገሩ ከሆነ፣ ፍተሻን አስቀድሙ። ስንት ሹፌር በወር እንደሚመረመር ቁጥሩ ይፋ እንዲወጣ ጠይቁ። ቅጣት ይጨመር የሚል ጥያቄ ለባለሥልጣን ቀላል ነው። ወረቀት ላይ ቁጥር ለውጦ ይሸኛችኋል። የሚያስወጣው ገንዘብ የለምና።

ሹፌር የምትቀጥሩ ከሆናችሁ ማንንም አትጠብቁ። በእጅ የሚያዝ የትንፋሽ መመርመሪያ ግዙ። ጠዋት ቁልፍ የሚወስድ ሹፌር ሁሉ፣ ታማኙም ነባሩም፣ ይንፋ። ሲጠጣ ያመሸ ሰው ተኝቶ ቢነሳም ደሙ ውስጥ ያለው ሊያልቅ ሰዓታት ይወስዳል። ቡናም፣ ቀዝቃዛ ሻወርም፣ ጥሬ ሥጋም አያፋጥነውም። የጠጣውን ያገኛችሁት ለታ አታባርሩት፣ የዚያን ቀን ገቢ ይቅርበት። ሁለተኛ ላይ ተነጋገሩ።

ድግስ የምትደግሱ ከሆናችሁ ለድንኳን፣ ለዲጄና ለቪዲዮ እንደምትከፍሉት ለሁለት የማይጠጡ ሹፌሮችም መድቡ። ራይድ መጥራትም ይቻላል። ከሠርጉ ወጪ አንጻር ምንም አይደለም።

ሐዘን ላይ ያላችሁ ከሆነ ግን ምርጫው የእናንተ አይደለም፣ የሕግ ነው። ክሱን ተከታተሉ፣ በአንቀጽ 543 ሦስተኛው ንዑስ አንቀጽ መመሥረቱን ጠይቁ። በተያዘበት ሰዓት የትንፋሽ ወይም የደም ምርመራ መደረጉንና ወረቀቱ መዝገቡ ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ። ያ ወረቀት ከሌለ መጠጣቱን ማስረዳት እጅግ ይከብዳል።

የእኛ እድር ደብዳቤ በመጨረሻ አንድ ገጽ ሆነ። ዕድሜ ልክ የሚለው ቃል የለበትም። ያ ድንኳን ውስጥ የተናገሩት ትልቅ ሰው ሲነበብላቸው ዝም ብለው ሰሙና "ታዲያ በስንት ሰዓት ነው የሚፈትሹት?" አሉ። ረቂቁ ከምሽቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ይል ነበር። "እሷ የሞተችው በዚያ ሰዓት አይደለም" አሉ። እስክሪብቶ አመጣንና ከንጋቱ 10 እስከ 12 ሰዓት የሚለውን ጨመርን።